ሰማንያ አንዱን ማን ቈጠረው?

በጉለሌ፥ ጳውሎስ በሚባለው ሰፈር፥ ቤተ ክርስቲያኑም፥ ሆስፒታሉም፥ ሰዋስወ ብርሃን የተባለው የመንፈሳዊ ትምህርት ኮሌጅም በአንዱ ሐዋርያ ስም የሚጠሩ ስለ ሆነ፥ ጋዋኑን በክንዱ ላይ የጣለ የሕክምና ተማሪና ጋቢውን የተከናነበ የመጻሕፍት መምህር በአንድ መንገድ ሲገናኙ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ በአንድ እሑድ፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ እንዲህ ባሉ ሁለት ሰዎች መካከል የተደረገ ነው፤ ጠያቂው ወጣቱ የሕክምና ተማሪ፥ መላሹ ብሉይንና ሐዲስን ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

ተማሪ ፦ እንደምን ዋሉ የኔታ? ፈቃድዎ ቢሆን፥ ብዙ ጊዜ በልቤ ያቈየሁትን አንድ ነገር ዛሬ ልጠይቅዎ።

መምህር ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ ደኅና ነህ ልጄ? ጠይቅ እንጂ፤ ለመጠየቅ የሚያፍር ለመማር አይታደልም።

ተማሪ ፦ አብሮኝ የሚማር አንድ ፕሮቴስታንት ወዳጅ አለኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ስድሳ ስድስት ነው፥ በዚያ ላይ አሥራ አምስት የጨመራችሁ እናንተ ናችሁ እያለ ይሞግተኛል። ሌላው ባልንጀራዬ ደግሞ ሃይማኖትን ሁሉ የሚጠራጠር ነውና፥ በኒቅያ የተሰበሰቡት ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ ሊቃውንት በንጉሡ በቈስጠንጢኖስ ትእዛዝ የወደዱትን መርጠው የቀረውን አቃጠሉት ይላል። እኔም ለፊተኛው «አባቶቻችን የተቀበሉት ይህ ነው»፥ ለኋለኛው «ሐሰት ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ስለ ሌለኝ፥ ከሁለቱም ጋራ ተሟግቼ በሁለቱም እረታለሁ። እስቲ ይንገሩኝ፤ ሰማንያ አንዱን የቈጠረው ማን ነው?

መምህር ፦ የኋለኛው ቀላል ስለ ሆነ ከእርሱ እንጀምር፤ የውጭውን ታሪክ ዘመን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እነግርሃለሁ። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች የአርዮስን ክሕደት አወገዙ፥ ጸሎተ ሃይማኖትን ደነገጉ፥ ስለ ፋሲካ በዓል ተስማሙ፥ ሃያ ቀኖናም ጻፉ፤ ከሃያው ግን አንዱ እንኳ መጻሕፍትን አይቈጥርም። ቈጥረው ቢሆን ኖሮ፥ ቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቈይቶ ለንኡሰ ክርስቲያን ሲያስተምር የዮሐንስን ራእይ ከዝርዝሩ ባልተወውም ነበር። ስለ ማቃጠሉ ግን፥ ወዳጅህ የሰማው ወሬ ባለቤቱን ስቷል፤ በ303 ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ያዘዘው በስንክሳሩ ስሙን ዘወትር የምንሰማው ዲዮቅልጥያኖስ ነው። በዚያን ጊዜ የንጉሡ ጭፍሮች ደጁን ሲመቱ፥ ዲያቆኑ የትኛውን ጥራዝ አውጥቶ ቢሰጥ እንደማይፈረድበት፥ የትኛውን ግን አሳልፎ ከመስጠት አንገቱን ቢሰጥ እንደሚሻለው ማወቅ ነበረበት፤ ስለዚህ ከኒቅያ ሃያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፥ ዝርዝር የጻፈለት ጉባኤ ሳይኖር፥ ምእመኑ ቅዱሱን መጽሐፍ ከሌላው ለይቶ ያውቅ ነበር።

ተማሪ ፦ ጉባኤ ካልነገረው በምን ለየው?

መምህር ፦ ሲነበብ በመስማት ለየው። የዚህ ሰፈር ባለ ስም ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ ነገር ግን በማኅበሩ ፊት እንዲነበብ፥ ከተነበበም በኋላ በሎዶቅያ ደግሞ እንዲነበብ፥ ከሎዶቅያ የሚመጣውንም እነርሱ እንዲያነቡት አዘዘ። እንዲህ ከአንዱ ማኅበር ወደ ሌላው እየተገለበጠ የሄደው ደብዳቤ ሰው ለሰው የጻፈው መሆኑ ቀርቶ ቤተ ክርስቲያን ለልጆችዋ የምታሰማው ቃል ሆነ። ዮስጢኖስ ሰማዕት በ150 ገደማ፥ በሮም ከተማ፥ የክርስቲያኖችን የእሑድ ጉባኤ ሲገልጽ የሐዋርያት መታሰቢያዎችና የነቢያት መጻሕፍት ጊዜው እስከ ፈቀደ ድረስ እንደሚነበቡ ይናገራል፤ ሐዋርያው ከነቢዩ ጋራ በአንድ አትሮንስ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ዝርዝር የሚጽፈው ሰው ሥራው የተደረገውን መመዝገብ ብቻ ነው። ዛሬ ጧት ራስህ እንደ ሰማኸው፥ በቅዳሴያችን ዲያቆኑ ጳውሎስን፥ ንፍቁ ዲያቆን የሐዋርያትን መልእክት፥ ንፍቁ ቄስ ግብረ ሐዋርያትን፥ ቄሱ ወንጌልን የሚያነቡት ያው ልማድ እስከ እኛ ደርሶ ነው።

ተማሪ ፦ እንግዲያስ መጽሐፍን ቅዱስ የሚያሰኘው በቤተ ክርስቲያን መነበቡ ነው ብዬ ልመልስ?

መምህር ፦ ምን ያግድሃል?

ተማሪ ፦ የሚያግደኝስ አለ፥ የኔታ። ተአምረ ማርያም በየእሑዱ ይነበባል፥ ሕዝቡም ቆሞ ይሰማዋል፤ ነገር ግን ከሰማንያ አንዱ አልተቈጠረም። መጽሐፈ መቃብያንን ግን፥ ቄስ ለሕዝብ ሲያነበው በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም፤ እርሱ ከሰማንያ አንዱ ተቈጥሯል። መነበብ ሚዛኑ ከሆነ ይህ ሚዛን ተዛብቷል።

መምህር ፦ ደግ አድርገህ ያዝኸኝ። መነበብ በሩ ነው፤ በበሩ የገባ ሁሉ ግን በአንድ ወንበር አይቀመጥም። ሊቃውንቱ አሥራው መጻሕፍትና አዋልድ መጻሕፍት እያሉ መለየታቸው ስለዚህ ነው፤ ገድሉ፥ ድርሳኑ፥ ተአምሩ ከአዋልድ ናቸው፤ ይነበባሉ፥ ይወደዳሉ፥ ምእመኑን ያጽናናሉ፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ግን ራሳቸው በአሥራው ይመዘናሉ እንጂ አሥራውን አይመዝኑም። የጉባኤ ቤቱን ልማድ አስተውል፤ መምህሩ ንባቡን ይዞ «አንድም» እያለ ትርጓሜውን ያበዛል፥ ከወልድያ እስከ ጎንደር ያሉ ወንበሮችም በትርጓሜው ይለያያሉ፤ በመጨረሻ «እንዲል» ብሎ ነቢዩን ወይም ሐዋርያውን በጠራ ጊዜ ግን የሁለቱም ወገን ተከራካሪ ዝም ይላል። እንግዲህ ቅዱስ መጽሐፍ የምለው፥ በነገር የተለያዩ ሰዎች ሁሉ ምስክርነቱን የሚቀበሉትን፥ ክርክሩ የሚቆምበትን መጽሐፍ ነው። መቃብያን አዘውትሮ ባይነበብም፥ ሊቁ ስለ ትንሣኤ ሙታን ሲከራከር ምስክር አድርጎ ይጠቅሰዋል፥ ባላጋራውም «ይህ መጽሐፍ አይደለም» አይለውም።

ተማሪ ፦ የመጻሕፍትን ሥልጣን እርስ በርስ የሚጠቃቀሱበት ነገር ይወስነዋል ማለትዎ ከሆነ፥ ሐዋርያው ይሁዳ ኄኖክን መጥቀሱ ለእኛ ትልቅ ምስክር ይሆንልናል።

መምህር ፦ ይሆናል፤ ግን ታሪኩ አንተ ከምታስበው ይልቅ ጠመዝማዛ ነው። ይሁዳ በአጭሩ መልእክቱ፥ ከአዳም ጀምሮ ሰባተኛ የሆነው ኄኖክ ትንቢት ተናገረ ብሎ ቃሉን ጠቀሰ። በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበረው ሊቁ ሄሮኒሞስ እንደ ጻፈው፥ ብዙ ሰዎች በዚህ ምክንያት ኄኖክን በመቀበል ፈንታ ይሁዳን ራሱን ለመጣል ተነሡ። የጥንቱ የሶርያ መጽሐፍ ቅዱስም የይሁዳን መልእክት፥ ከሁለተኛው ጴጥሮስ፥ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ዮሐንስ፥ ከራእዩም ጋራ ትቶ በሃያ ሁለት የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ይኖር ነበር። ሄሮኒሞስ ስለ ይሁዳ ሲፈርድ ምን እንዳለ ልብ በል፤ ከጥንት ጀምሮ ስለ ኖረና ሲሠራበት ስለ ቈየ ከቅዱሳት መጻሕፍት ሊቈጠር ተገባው አለ እንጂ፥ ይህ ጉባኤ ወይም ያ ንጉሥ ወሰነው አላለም። ያው ሄሮኒሞስ ግን ኄኖክን አልተቀበለም። በአንዱ አገር በልማድ የጸናው በሌላው አገር በልማድ ወደቀ ማለት ነው።

ተማሪ ፦ ታዲያ በእኛ አገር እንዴት ጸና? ለአክሱም ጳጳስ ሾሞ የላከልን አትናቴዎስ አይደለምን? እርሱስ ምን አለ?

መምህር ፦ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ይህንን ነው። አትናቴዎስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን በ330 ገደማ ቀብቶ ሰደደልን። ያው አትናቴዎስ በ367 ለግብጽ አብያተ ክርስቲያናት በላከው የፋሲካ መልእክት ዛሬ የምናውቃቸውን ሃያ ሰባቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት፥ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፥ ዘረዘረ፤ ከእርሱ አስቀድሞ ሃያ ሰባቱን ብቻ እንዲህ አድርጎ የዘረዘረ ጽሑፍ አልተገኘም። በዚያው መልእክት ግን በኄኖክ ስም የሚጠሩትን መጻሕፍት ተቃወመ፤ ከሙሴ በፊት መጽሐፍ ሳይኖር ይህን የኄኖክ ነው ብሎ የዋሃንን ያሳመነ ማን ነው ሲል ገሠጸ።

ተማሪ ፦ እንዲህ ከሆነማ ወዳጄ ይህን ቢያውቅ አለቀልኝ! የክህነታችን አባት የመጽሐፋችን ከሳሽ ሆነ ማለት ነው።

መምህር ፦ አትቸኩል። በመጀመሪያ ደብዳቤው የተጻፈው አባ ሰላማ ከተሾመ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይቶ ነው፤ የተጻፈውም ለግብጽ ነው። ሁለተኛ፥ አባት የማይነበብ መጽሐፍ እንዳይነበብ ብሎ ደብዳቤ አያደክምም፤ የእርሱ ተግሣጽ ኄኖክ በግብጽ ክርስቲያኖች እጅ እንደ ነበረ ራሱ ይመሰክራል። ከእርሱም በፊት በካርታጎ የነበረው ጠርጡልያኖስ መጽሐፈ ኄኖክን የሚቀበልበትን ምክንያት በግልጥ ጽፎ ነበር። የአክሱም ተርጓሚዎች ከጽርእ ወደ ግእዝ ሲመልሱ የወሰዱት በዘመናቸው በእጅ የሚገኘውንና የሚነበበውን ነው፤ ኄኖክና ኩፋሌም ከዚያ መካከል ነበሩ። ከዚያ በኋላ የጽርኡ ዓለም ኄኖክን እየተወ ሄደ፥ የግእዙ ዓለም ግን ያዘው። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መጽሐፈ ሚላድን ሲጽፍ ኄኖክን ለክርክሩ ምስክር አድርጎ አቆመው፤ በዚህም ከሺህ ዓመት በኋላ እንኳ በእኛ ዘንድ ክርክር የሚቆምበት መጽሐፍ እንደ ነበረ ታያለህ።

ተማሪ ፦ በሙት ባሕር አጠገብ፥ በቁምራን ዋሻ፥ የኄኖክና የኩፋሌ ጥንታዊ ብጥስጣሽ ብራናዎች ተገኝተዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ እኛ እውነተኞች መሆናችንን አያስረዳምን?

መምህር ፦ ጥንታዊነቱን ያስረዳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 የኄኖክን ግልባጮች ከጎንደር ይዞ አውሮፓ ሲገባ፥ ከዚያም በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ ሲታተም፥ አንዳንድ ሊቃውንት መጽሐፉን ከክርስትና በኋላ የተደረሰ ነው ይሉት ነበር፤ ከ1947 ጀምሮ በቁምራን የተገኘው የኄኖክ አራማይስጥና የኩፋሌ ዕብራይስጥ ግን ሁለቱም ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደ ነበሩ አረጋገጠ። ሁለቱን በሙላት ጠብቆ ያኖረው ግእዝ ብቻ መሆኑ የአባቶቻችን ታላቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ልጄ፥ ዕድሜን ቆፋሪ ያገኘዋል፤ ቅድስናን ቆፋሪ አያገኘውም። ጥንታዊነት ብቻ ቢበቃ ኖሮ የሄርማስ መጽሐፍ ዛሬ ከሰማንያ አንዱ በተቈጠረ ነበር፤ በሁለተኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ነው፥ ወደ ግእዝም ተመልሷል፥ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ግልባጩን ከጉንዳ ጉንዶ ገዳም አግኝቶ በ1860 በላይፕሲክ አሳትሞታል፤ ሆኖም ሰማንያ አንዱን ስትቈጥር አታገኘውም። ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ግን በ10ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ በዕብራይስጥ የተጻፈ የአይሁድ ታሪክ ሳለ፥ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ መጥቶ፥ በአንደኛው አቈጣጠር ከብሉይ መጻሕፍት ጋራ ተሰልፏል።

ተማሪ ፦ «በአንደኛው አቈጣጠር» አሉ። አቈጣጠሩ ከአንድ በላይ ነው እንዴ?

መምህር ፦ ሁለት ነው። አንደኛው አርባ ስድስት ብሉይና ሠላሳ አምስት ሐዲስ ይቈጥራል፤ ሠላሳ አምስቱ የሚሞሉት ከሃያ ሰባቱ ላይ ስምንት የሥርዓት መጻሕፍት ሲጨመሩ ነው፤ እነዚያም ሥርዓተ ጽዮን፥ ትእዛዝ፥ ግጽው፥ አብጥሊስ፥ ሁለቱ መጽሐፈ ኪዳን፥ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ ናቸው። ሁለተኛው ሐዲሱን በሃያ ሰባት ወስኖ፥ ብሉዩን ነጣጥሎ በመቍጠር አምሳ አራት ያደርሰዋል። ሁለቱም ድምራቸው ሰማንያ አንድ ነው።

ተማሪ ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔታ፤ ይህስ ቍጥሩ አስቀድሞ ቆሞ መጻሕፍቱ ለቍጥሩ ማሟያ እንደ ተፈለጉ አያስመስልም?

መምህር ፦ ማስመሰል ብቻ አይደለም፤ በከፊል እንዲያው ነው፥ ልደብቅህ አልችልም። ሰማንያ አንድ የሚለው ቍጥር ሲኖዶስ በተባለው መጽሐፍና በፍትሐ ነገሥት በኩል ወደ እኛ የመጣ ነው። ፍትሐ ነገሥትን በ13ኛው መቶ ዓመት ግብጻዊው ሊቅ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ሰብስቦ ጻፈው፥ ኋላም ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ በሁለተኛው አንቀጹ መጻሕፍቱ ሰማንያ አንድ ናቸው ይላል፥ ስም እየጠራ የሚዘረዝራቸው ግን ሲደመሩ ከዚያ ያንሳሉ። የእኛ ሊቃውንት ንባቡን ሲተረጕሙ ጉድለቱን ማሟላት ግድ ስለ ሆነባቸው፥ አንዱ ወንበር በዚህ፥ ሌላው በዚያ መንገድ አሟላው። የሞሉት ግን ከመንገድ አንሥተው አይደለም። መጽሐፈ ኪዳንን ተመልከት፤ ካህናቱ በየጧቱ የሚያደርሱት ጸሎተ ኪዳን ከእርሱ የወጣ ነው፤ ዲድስቅልያም ጳጳሱ፥ ቄሱ፥ ዲያቆኑ እንዴት እንደሚኖሩ የሚያዝዝ ነው። ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ የምትጸልይበትንና የምትተዳደርበትን ነው በቍጥሩ ያስገባችው።

ተማሪ ፦ ሁለት ቍጥር ይዞ መኖርስ እንዴት ተቻለ? ሰው ሁሉ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ማውጫውን ቢመለከት ልዩነቱ አይታይም ነበርን?

መምህር ፦ የትኛውን ማውጫ? ሰማንያ አንዱ መጻሕፍት በአንድ ጥራዝ ተጠርዘው በየቤተ ክርስቲያኑ የኖሩ አይምሰልህ። ዳዊቱ ለብቻው፥ ወንጌሉ ለብቻው፥ ጳውሎሱ ለብቻው፥ ኦሪቱ ለብቻው በየማኅደሩ ሆኖ በዕቃ ቤት ይሰቀል ነበር፤ አንዱ ደብር ኄኖክ ሲኖረው ሌላው አልነበረውም። ሰማንያ አንዱ በሙሉ የሚገኘው በመምህራን አእምሮ ውስጥ ነበር። ጥያቄው የሰላው ማተሚያ ሲመጣ ነው። አባ አብርሃም የተባለው የአገራችን ሰው በካይሮ ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሰ፤ የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የጽሑፉን ባለቤትነት ገዝቶ በ1840 ሙሉውን አሳተመ። ያ ማኅበር ግን በ1826 ከስድሳ ስድስቱ ውጭ ያሉትን መጻሕፍት ላለማሳተም ወስኖ ነበር። በእኛ አቈጣጠር በ1954 በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣውም የታወቀው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስድሳ ስድስት መጻሕፍት የያዘ ነው። እንግዲህ ብዙ ኦርቶዶክሳዊ ቤት፥ እንደ ወዳጅህ ሁሉ፥ ስድሳ ስድስቱን በአንድ ጥራዝ ይዞ አደገ፤ ወዳጅህ የጥራዙን ልባስ የቅድስና ድንበር አድርጎ ቢያየው አትፍረድበት፥ ማተሚያው ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ተማሪ ፦ እውነቱን ልንገርዎ፤ ወደዚህ ስመጣ አንድ የጸና ዝርዝር ይሰጡኛል ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ዳሩ እየተንቀሳቀሰብኝ ነው። ዳሩ ካልጸና መሐሉን በምን አምነዋለሁ?

መምህር ፦ ሁለት ጎረቤቶች በርስታቸው ወሰን ላይ ድንጋይ ሲያነሡና ሲያኖሩ ቢኖሩ፥ እርሻው የለም አትልም። ኦሪትን፥ ዳዊትን፥ ኢሳይያስን፥ አራቱን ወንጌላት፥ ጳውሎስን የሚጥል አንድ ቤተ ክርስቲያን አሳየኝ፤ የለም። መርቅያን በሁለተኛው መቶ ዓመት ብሉይን ጥሎ፥ ከሐዲሱም ሉቃስንና ጳውሎስን ብቻ ቈራርጦ ሊይዝ ቢሞክር፥ በየአገሩ ያሉ ማኅበራት፥ ገና የጋራ ዝርዝር ሳይኖራቸው፥ በአንድ ድምፅ አሳደዱት። መሐሉ እንዲህ የጸና ነው። ዳሩን በሚመለከት ሮማውያን በ1546 በትሬንት ጉባኤ ዝርዝራቸውን በውግዘት አጥረውታል፤ የእኛ ሊቃውንት ግን ሁለቱን አቈጣጠር ጎን ለጎን ይዘው፥ አንዱ ሌላውን ሳያወግዝ፥ አብረው ቀድሰዋል። እኔ ይህን ድካም ነው አልለውም፤ መጽሐፉን በዝርዝር ሳይሆን በጸሎትና በትርጓሜ የተቀበለ ሰው፥ ዝርዝሩን በሰይፍ ማስጠበቅ አያስፈልገውም።

ተማሪ ፦ ለወዳጄ ታዲያ ምን ልበለው? «ጨመራችሁ» ሲለኝ «ቀነሳችሁ» ልበለው?

መምህር ፦ እርሱ ሙግት ነው፥ መጨረሻ የለውም። ይልቁን የእርሱ ሃያ ሰባትም ከሰማይ በማውጫ ተጽፎ እንዳልወረደ፥ የጸናውም በንባብና በምስክርነት እንደ ሆነ፥ ያውም ከጥንት አባቶች አንዳንዶቹ ከሃያ ሰባቱ ውስጥ በጥቂቶቹ ይጠራጠሩ እንደ ነበር በትሕትና አስረዳው። ይህን የተቀበለ ሰው የእኛን ሰማንያ አንድ ባይቀበል እንኳ፥ የተቀበልነው በተንኰል እንዳይደለ ያውቃል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ስለ ኄኖክ ከዚህ ልጅ ጋራ ይህን ያህል ጊዜ ስትሟገት፥ መጽሐፈ ኄኖክን አንብበኸዋል?

ተማሪ ፦ አላነበብሁትም፥ የኔታ።

መምህር ፦ እርሱስ?

ተማሪ ፦ እርሱም አላነበበውም።

መምህር ፦ እንግዲህ ሁለታችሁ የተሟገታችሁት ስለ ቍጥር ነው፤ ቍጥር ደግሞ ማንንም አላዳነም። በሚመጣው ቅዳሜ ከሆስፒታሉ ስትወጣ ወዳጅህን ይዘኸው ና፤ የራሱን መጽሐፍ ቅዱስ ይያዝ፥ እኔ ግእዙን አወጣለሁ። ከኄኖክ አንጀምርም፤ ከይሁዳ እንጀምራለን፥ እርሱ በሁለታችሁም መጽሐፍ አለና። ዐሥራ አራተኛው ቍጥር ላይ ስንደርስ ሐዋርያው ራሱ ኄኖክን ይጠራዋል፤ ያን ጊዜ ወዳጅህ ቀጥለን እናንብብ ወይስ እናቁም ብሎ የሚመልሰው መልስ፥ ስለ ቀኖና እኔ ከነገርሁህ ሁሉ ይበልጥ ያስተምርሃል።

ተማሪ ፦ እሺ የኔታ፤ ይዤው እመጣለሁ። ለእርሱ እስክናነብ ድረስ ምንም አልነግረውም።

መምህር ፦ ንገረው እንጂ፤ ይሁዳ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው፥ ሁለታችሁም አንብባችሁት ብትመጡ ጊዜ አናጠፋም።